በመንገድ ዳር ስለሚቆሙ የታሪክ ጽሑፎች

የሥነ ጽሑፍ ሒስ በተባለ ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ልብ ወለድ፣ ቅኔ ወይም ተውኔት ነው። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጽሑፍ ግን ሽፋን የለውም፤ ዋጋም አይከፈልበትም፤ የደራሲውም ስም አይታወቅም። ሆኖም በአላፊ አግዳሚው ዘንድ የሚያገኘው ዓይን ብዙ ደራሲ ለመጽሐፉ የሚመኘው ነው። ይኸውም በአደባባይና በመንገድ ዳር በድንጋይ፣ በነሐስ ወይም በብረት ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ የሚቆመው የታሪክ ጽሑፍ ነው። ስለ ሐውልቶች ቁመትና ስለ ቀራጮቻቸው ጥበብ ሲነገር ሰምተናል፤ በሐውልቱ ላይ ያለውን ቃል ግን እንደ ጽሑፍ ቈጥሮ፣ ይህ ዐረፍተ ነገር መልካም ነው፤ ይህኛው ደካማ ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው እምብዛም አላጋጠመንም። ስለዚህ ዐቅማችን በፈቀደ መጠን ይህን ለመሞከር ብዕራችንን አንሥተናል።

ነገሩን ያነሣሣብን በየቀኑ የምንመላለስበት መንገድ ነው። የምንኖረው በሳሪስ ስለ ሆነ ወደ መሥሪያ ቤታችን የምንሄደው በደብረ ዘይት መንገድ ነው። ይህ የመንገድ ስም ራሱ አንድ ታሪክ ነው፤ መንገዱ የሚያደርስበት ከተማ ወደ ቀድሞ ስሙ ወደ ቢሾፍቱ ከተመለሰ ብዙ ዓመት አልፎታል፤ መንገዱ ግን በሰው አፍ አሮጌውን ስም እንደ ያዘ ቀርቷል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የቀላል ባቡሩ የሰሜን ደቡብ መሥመር በተከፈተ ጊዜም፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጋው 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ የመንገዱን አሮጌ ስሞች ለጣቢያዎቹ ወረሰ። ለገሀር፣ መሿለኪያ፣ ሪቼ፣ ጠመንጃ ያዥ፣ ላንቻ፣ ነፋስ ስልክ፣ አደይ አበባ፣ ሳሪስ፣ አቦ፣ ቃሊቲ እየተባለ ይሄዳል።

አንድ ቀን ማለዳ ከጎናችን የተማሪ ልብስ የለበሰ ልጅ ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ነበር። ባቡሩ ሲቆም የጣቢያውን ስም ከሰሌዳው ላይ በጣቱ እየተከተለ አነበበና፣ «እማዬ፣ ነፋስ ስልክ ማለት ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። እናቱም፣ «የሠፈር ስም ነው፣ የኔ ልጅ» አለችው። ልጁ ትንሽ አሰብ አደረገና፣ «ነፋስ ግን ስልክ የለውም» አለ። በአጠገቡ የነበርነው ሰዎች ፈገግ አልን እንጂ ማንም ቃል የተነፈሰ የለም። እኛም ነገሩን የምናውቅ ስንሆን፣ የማናውቀው ሰው ልጅ ነው ብለን ስናመነታ ጣቢያው አለፈ።

የእናቲቱ መልስ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ምንም አይናገርም። ነፋስ ስልክ ሽቦ የሌለው ስልክ ማለት ነው፤ ስሙንም ያገኘው በዚያ አካባቢ ከነበረው የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። አስቀድሞ ስልክን ያየ ሰው የሰው ቃል በሽቦ ውስጥ እንደሚሄድ በግድም ቢሆን አምኗል፤ በኋላ ሽቦውም ቀረና ቃሉ በባዶ አየር ሄደ። ይህን ያየ ሰው መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ፣ ኮሚቴም ሳይሰበስብ፣ ሁለት ያገሩን ቃል አጋጥሞ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት «ሽቦ አልባ» የሚል ቃል ሰጥተውናል። ይህ ቃል የሚነግረን የጐደለውን ነገር ነው፤ «ነፋስ ስልክ» ግን ያለውን ነገር ይነግራል። እኛ እንደ ሒስ ጸሐፊ ፍረዱ ብንባል፣ ከለገሀር እስከ ቃሊቲ በመንገዱ ዳር ካለው የታሪክ ጽሑፍ ሁሉ በቅንብሩ የሚበልጠው ይህ ባለ ሁለት ቃል ጽሑፍ ነው እንላለን። ጒድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ትርጒሙን የሚነግር ሰሌዳ በአጠገቡ አላየንም።

ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ በአቃቂ የተሠራው የራዲዮ ጣቢያም እንዲሁ ነው። ይህን ጣቢያ እንዲሠራ ውል የተሰጠው አንሳልዶ ለሚባለው የኢጣልያ ኩባንያ ነበር፤ ሥራው ተፈጽሞ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ። ጥቂት ወራት ቈይቶ፣ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ኢጣልያ ኢትዮጵያን ወረረች። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን አስተውል፤ ኢትዮጵያ በወራሪዋ ላይ ያላትን አቤቱታ ለዓለም ያሰማችው ከወራሪዋ አገር የመጡ ሰዎች በገነቡት መሣሪያ ነው። ልብ ወለድ ደራሲ እንዲህ ያለ ነገር ፈጥሮ ቢጽፍ፣ አንባቢው «ይህስ በዛ» ይለው ነበር። ታሪኩ ግን ሆኖ ያለፈ ነው፤ የሆነውም በየቀኑ የጭነት መኪና በሚተራመስበት በዚህ መንገድ ዳር ነው።

ስሞቹ ሁሉ እንዲህ ያሉ ናቸው። ለገሀር የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» በኛ አፍ ተገርቶ የቀረበት ነው። ጠመንጃ ያዥ አገልጋዩና ወታደሩ በየሥራው ክፍል ተሰብስቦ ይሰፍርበት የነበረውን የአዲስ አበባን አመሠራረት ይነግራል። ላንቻ የአንድ የኢጣልያ መኪና ስም ነው፤ አደይ አበባ ደግሞ የፋብሪካ ስም ነው። እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ የሚሳፈር ሰው ባቡርን፣ ሠራዊትን፣ ራዲዮን፣ መኪናንና ፋብሪካን ተራ በተራ ያልፋል፤ ይህም ያለፈው አንድ መቶ ዓመት የከተማችን ታሪክ በአጭሩ ነው። ምዕራፎቹ በቦታቸው አሉ፤ የጠፋው ጽሑፉ ነው።

ስለ አሮጌው ባቡርም ጥቂት ልንል ይገባናል። ከጅቡቲ የተነሣው የሐዲድ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ 784 ኪሎ ሜትር ተጕዞ፣ በአቃቂ በኩል አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ስደት የወሰደው ባቡር የሄደው በዚሁ ሐዲድ ነው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። አሁን የጅቡቲው ባቡር ወደ ለገሀር አይመጣም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መሥመር የመንገደኛ ጣቢያውን ያደረገው በከተማው ዳር ነው። በአሮጌው ሐዲድ ላይ የሠራ ሰው ዛሬ ሸምግሏል። ባቡሩ በየት በኩል እንደ ዞረ፣ የት ላይ ፊሽካ እንደ ነፋ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ እርሱ ያለፈ ቀን ድንጋዩን ብናቆምም የምንጽፍበትን አናገኝም።

ጽሑፍን በድንጋይ መቅረጽ ለኛ እንግዳ ሥራ አይደለም። ንጉሥ ዒዛና በአክሱም ያስቀረጸው ድንጋይ በግዕዝ፣ በሳባና በጽርዕ ቋንቋ ተጽፏል፤ ይህም የአገሩ ሰውም፣ ነጋዴውም፣ ከባሕር ማዶ የመጣውም እንግዳ እያንዳንዱ በሚያውቀው ፊደል እንዲያነበው ነው። አንባቢውን የሚያስብ ጸሐፊ እንዲህ ያደርጋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን የአዱሊስ ጽሑፍ ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ በቆመ የድንጋይ ዙፋን ላይ ያለውን የጽርዕ ጽሑፍ ገለበጠ። ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ ግልባጩ ግን አለ። የጽሑፉ መጀመሪያ ጠፍቶ ስለ ነበረ የንጉሡ ስም አልደረሰንም፤ ያቀናው አገር፣ ያለፈው ተራራና በረዶ፣ የተሻገረው ባሕር ግን ደርሶናል። ስሙን የማናውቀውን ሰው ሥራ እናውቃለን ማለት ነው። ይህን ለምን እንዳነሣን ወደ ታች ሲወርዱ ይገለጥላችኋል።

በአዲስ አበባ ካሉት መታሰቢያዎች መካከል እንደ ጽሑፍ የምናደንቀው በስድስት ኪሎ የቆመውን የየካቲት 12 ሐውልት ነው። አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች የሠሩት ሲሆን፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደውን ግፍ በነሐስ ምስል ያሳያል። ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ በዙሪያው ቢሄድ የሆነውን ነገር ይረዳል። ይህ ትልቅ ችሎታ ነው። በዚያው አጠገብ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሚገኝበት ግቢ ደግሞ ሌላ ምልክት አለ። ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ለገዙበት ለያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እየጨመሩ የሠሩት መወጣጫ ነው። ከነጻነት በኋላ መወጣጫው አልፈረሰም፤ ከላይኛው ደረጃ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አንድ ቃል አልተጻፈም፤ ነገር ግን ለትምክሕት የተሰጠ ከዚህ ያጠረ መልስ አናውቅም። የጠላትን ጽሑፍ ሳይፍቁ በነጥብ መዝጋት እንዲህ ነው።

ጠላትም ቢሆን የእነዚህን ነገሮች ኀይል ያውቅ ነበር። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የቆመውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ነቅሎ የቀበረው፣ የለገሀሩንም አንበሳ ወደ ሮማ የወሰደው ስለዚህ ነው፤ ሁለቱም በየጊዜያቸው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ታሪክ ግን ለኛ ለሳሪስ ሰዎች የቀረበ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው የሞቱት የኒህ አባት ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ። የተነሣበት ምክንያት ከሥሩ የሚያልፈው የቀላል ባቡር ነበር፤ ያ ባቡር ደግሞ ሌላው ጫፉ ቃሊቲ የሆነው፣ በየማለዳው እኛን የሚያደርሰን ነው። ሐውልቱ በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰው ደነገጠ፤ ይመለስ ይሆን ብሎም ሠጋ። ድንጋጤው መልካም ነው እንላለን፤ ሰው የሚሠጋው ለሚያውቀው ነገር ነውና። ነፋስ ስልክ የሚለው ሰሌዳ ነገ ተነሥቶ «ጣቢያ ቍጥር» ተብሎ ቢተካ የሚደነግጥ ሰው ይኖር ይሆን?

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ሊያቆመው ላሰበው የመታሰቢያ ድንጋይ ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ በተሠየመ ኮሚቴ ውስጥ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆነን ነበር። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ። ሁለቱ ስብሰባዎች ድንጋዩን መርቀው የሚከፍቱት እንግዶች ስም በምን ቅደም ተከተል ይጻፍ በሚለው አለፉ። በሦስተኛው ስብሰባ መጨረሻ፣ ሰው ሰዓቱን ማየት ከጀመረ በኋላ፣ ታሪኩ በአራት መሥመር እንዲጻፍ ተወሰነ። ድንጋይ ጠራቢው ቦታ ስላልበቃው ስሞቹን አጒልቶ አራቱን መሥመር አሳንሶ ቀረጸ። ዛሬ በዚያ በኩል ስናልፍ ከሩቅ የሚነበበው ማን እንደ መረቀው ነው፤ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። እኛም ቃለ ጉባኤውን በጥሩ እጅ ጽሕፈት ጻፍን እንጂ አንድ ቃል አልተቃወምንም። የአዱሊሱ ዙፋን የንጉሡን ስም አጥቶ ሥራውን አቈየልን፤ የኛ ድንጋይ ሥራውን አደብዝዞ ስም አቈየ።

ይህ ነቀፌታ የአንድ ድንጋይ ብቻ አይደለም። በየአደባባዩ ያየናቸው ጽሑፎች ብዙዎቹ አንድ ዐይነት አነጋገር አላቸው። «ታላቅ»፣ «የማይረሳ»፣ «ወደር የሌለው» የሚሉ ቅጽሎች ይደረደሩና ማን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት የሚለው ይጠፋል። ቅጽል በድንጋይ ላይ ውድ ነገር ነው፤ ጠራቢው የሚከፈለው በፊደል ነውና። «ጀግኖች በጀግንነት ተዋግተው» ከሚል ዐረፍተ ነገር ይልቅ የቀኑ ቍጥር ብቻ ይሻላል። የአራት ኪሎው ሐውልት የሚያስታውሰው «ሚያዝያ 27» የሚለው ስም፣ ጠላት በ1928 ዓ.ም. የገባበትንና ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. የተመለሱበትን አንድ ቀን አጣምሮ ስለሚይዝ፣ ምንም ቅጽል አላስፈለገውም።

በሌላው አገር ይህ ሥራ የራሱ ሥርዓት አለው። በሎንዶን እ.ኤ.አ. በ1866 የተጀመረው፣ ታላላቅ ሰዎች በኖሩባቸው ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ክብ ሰሌዳ፣ የሰውየውን ስም፣ ዕድሜውንና ሥራውን በሃያ ቃል ገደማ ነግሮ ይጨርሳል። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ደግሞ አውቶሞቢል በመብዛቱ እ.ኤ.አ. በ1927 በአውራ ጎዳና ዳር የታሪክ ሰሌዳ ማቆም ጀመረች። የሎንዶኑ የተጻፈው ለእግረኛ ነው፤ የቨርጂኒያው ለባለ መኪና ነው። የኛ መንገድ አንባቢ ግን ማን ነው? በሳሪስ መንገድ ዳር የሚቆም ሰው በአብዛኛው ታክሲ ጠባቂ ነው። ሰልፍ ይዞ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም ግማሽ ሰዓት ይቆማል። በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ወደ ዝቋላ የሚወርደው መንገደኛም በዚሁ ያልፋል። እንዲህ ያለ ታጋሽ አንባቢ የሎንዶን ሰሌዳ ጸሐፊ አላገኘም። ስለዚህ ጽሑፉ መቆም ያለበት መኪና በሚፈጥንበት ሳይሆን ሰው በሚሰለፍበት ቦታ ነው፤ ፊደሉም በዓይን ልክ ይሁን። ከሰው ቁመት በላይ የተሰቀለ ጽሑፍ ለበራሪ ወፍ የተጻፈ ይመስላል።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ሳሪስ የሚለው ስም ራሱ ከምን እንደ መጣ ሽማግሌዎችን ስንጠይቅ፣ አንዱ የሰው ስም ነው ይለናል፤ ሌላው የድርጅት ስም ነው ይላል፤ ሁለቱም ይምላሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ድንጋይ ማቆም አደገኛ ነው፤ ድንጋይ ላይ የሰፈረ ስሕተት ከጋዜጣ ስሕተት የከበደ ነውና፤ ጋዜጣ በማግሥቱ ይታረማል። ነገር ግን ቋንቋችን ለዚህ የሚሆን ቃል አላጣም። «ነው» እና «ይባላል» የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሰሌዳው «ይባላል» ብሎ ሁለቱንም ቢጽፍ ውርደት አይሆንበትም፤ እንዲያውም አንባቢው የራሱን አያት እንዲጠይቅ ይገፋፋዋል። በድንጋይ ላይ «ይባላል» የሚል ቃል ያየን ጊዜ የዚህ ሙያ ጸሐፊዎች በሰሉ እንላለን።

አንዳንድ ሰዎች፣ «ከተማው ሁሉ ድንጋይ ይሙላ ወይ? ለውሃና ለመንገድ የሚሆን ገንዘብ ባነሰበት ጊዜ ይህ ቅንጦት ነው» ይሉናል። ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ እኛም በደመወዝ የምንኖር ሰዎች ስለ ሆንን ይገባናል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳን የመሰሉ አሮጌ ሠፈሮችን አፍርሶ መንገድ አስፍቷል። ቤቱ በቆመ ጊዜ ቤቱ ራሱ ምስክር ነበር፤ ቤቱ ከሄደ በኋላ ግን የሚመሰክረው ጽሑፍ ነው። አዲስ የእግረኛ መንገድ ድንጋይ ሲነጠፍ ከብዙ ሺሁ አንዱን ጽሑፍ እንዲይዝ ማድረግ የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ ነው። ብዙ የሚያስወጣው ነገር ድንጋዩ አይደለም፤ ሽማግሌውን ፈልጎ፣ መዝገቡን አገላብጦ፣ እውነተኛውን አራት መሥመር ማግኘት ነው። ለዚህ ደግሞ በየትምህርት ቤቱ የታሪክ መምህርና እልፍ ተማሪ አለ።

ነቃፊ ሆኖ መቅረት ቀላል ስለ ሆነ፣ እኛም በተራችን እንድንነቀፍ አንድ ጽሑፍ ሞክረናል። ለነፋስ ስልክ ጣቢያ፣ ሰው በሚሰለፍበት በኩል፣ በዓይን ልክ እንዲቆም የታሰበ ነው። የመራቂ ስም የለበትም።

«ነፋስ ስልክ። ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፍ ጣቢያ በዚህ አካባቢ ነበር። ቃል በአየር ሲሄድ ያዩ ሰዎች ይህን ስም አወጡለት። በዚሁ መንገድ ወደ ደቡብ በአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ስለ ደረሰባት ወረራ ለዓለም የተናገረችው ከዚያ ነው።»

ሠላሳ ስምንት ቃል ሆነብን፤ ከሎንዶኑ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። «በዚሁ መንገድ ወደ ደቡብ» የሚለው ይቀነስ ያሉን አንድ መምህር አሉ፤ እኛ ግን ልጁ በባቡሩ መስኮት ወደ የትኛው በኩል እንደሚመለከት እንዲያውቅ ብለን ትተነዋል።